ልጄን ጅጋ ላለመተው

ባለቤቴ ደሳለኝ ነገሩን ያነሳብኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። «እማዬ ሜሮንን አምጡልኝ ብላለች። እዚያው ጅጋ ትማር፣ ከተማው ነው ያበላሻት ትላለች» አለኝ። ቀድሞውንም ዓይኔ እያለቀሰ ስለነበር እንባዬን ከምን እንደቆጠረው አላውቅም።

ሜሮን ልጃችን ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ማንበብ ግን አልሆነላትም። ትምህርት ቤቱ ከግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ስንመለስ ወደ አንደኛ ክፍል እንድትወርድ የሚል ፎርም ልኮልናል፤ የቀረው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነበር። ደሳለኝ ደግሞ በጓደኞቿ ፊት ወርዳ ከምታፍር አያቷ ዘንድ ብትቀመጥ ይሻላል ወደሚለው አዘንብሏል። ክፉ ሰው አይደለም። ጭቅጭቅ ስለማይወድ ብቻ ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ዓይነት ሰው ነው።

«እሺ፣ እወስዳታለሁ» አልኩት። ደስ አለው። «ወስጄም መልሼ አመጣታለሁ» ስለው ወደ ሳሎን ሄደ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ እውላለሁ፣ የገዛ ልጄ ግን አንዲት ገጽ አንብባ መጨረስ አቅቷታል። ይኼ ያንገበግበኛል። ሜሮን የተወለደችው ሰባት ወር ላይ ነው፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ሆና። ሰባት ሳምንት የመስታወት ማሞቂያ ውስጥ ከርማለች። በኋላ ማንበብ ሲያቅታት የወሰድኳት የሕፃናት ሐኪም ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ነው ያስረዳኝ። የእርግዝና የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት አንጎል እጥፋቱ የሚበዛበት፣ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት መስመሮች የሚዘረጉበት ጊዜ ነው አለኝ። ለሜሮን ያ ሥራ የተሠራው መብራትና ጫጫታ ባለበት ሣጥን ውስጥ ነው። «ዓይን ያየውን ፊደል ጆሮ ከሚያውቀው ድምፅ ጋር ማገናኘት ለአንዳንዶቹ ይዘገይባቸዋል። ሁሉም እንደዚህ አይሆኑም። የዘገየባቸውም ቢሆን፣ ዘገየ ማለት አይመጣም ማለት አይደለም» አለኝ። ይህን ለአስተማሪዋ ብነግራት «ሁሉም ወላጅ አንድ ምክንያት አያጣም» አለችኝ። እንግዲህ ጎጃም የሄድኩት በዚህ ንዴት ላይ ሆኜ ነው።

ማክሰኞ

ከአውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፤ ሜሮን አፏን እየከፈተችና እየገጠመች ስትስቅ ወረድን። ደጀን ላይ ቁርስ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን። የደብረ ማርቆሱ ሽሮ ከእኔ ሽሮ ይበልጣል፤ ይህን ደሳለኝ እንዳይሰማ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ተጫነኝ። ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ ሲመጡ መጀመሪያ ጅጋ ናት፣ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ። ረዳቱ ጅጋ ስንደርስ እንደሚቀሰቅሰኝ ሲነግረኝ «አትቸገር፣ ልጄ ታነብልኛለች» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ፊት የምታነብ ልጅ እናት መምሰል አምሮኝ ነው። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ «ጅጋ» ብዬ ጻፍኩላትና «ይህን የመሰለ ሰሌዳ ላይ ስታዪ ቀስቅሺኝ» ብያት ተኛሁ።

የነቃሁት በማስነጠስ ነው። አውቶቡሱ ቆሟል፣ በመስኮቱ የበርበሬ አቧራ ይገባል፣ ውጭ ረዳቶች «ነቀምቴ፣ ነቀምቴ» እያሉ ይጣራሉ። ቡሬ ነን። ረዳቱ ላይ ብጮህበት «እትዬ፣ ልጄ ታነባለች ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ሜሮንን አየኋት። መዳፏን ጨብጣ ተቀምጣለች።

«አላየሽውም?» አልኳት።

«አይቼዋለሁ። ጅዋን አገኘኋት። ጋ ላይ ስደርስ አለፈ» አለች።

ሰው እየተጋፋ በላያችን ሲወርድ እዚያው መቀመጫ ላይ አቀፍኳት። ሰሌዳውን ያልጨረሰችው አውቶቡሱ ስለሮጠ ነው፤ እንዲሮጥ ደግሞ እሷ አልነዳችውም።

ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት አቶ ፈንቴ የሚባሉ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሽማግሌ ናቸው። ጅጋ እንዳለፈን ስነግራቸው ሳቁ። «ጅጋ ቢያመልጣችሁ ለእኛ ደረሳችሁን» አሉ። አዲስ አበባ አልጋ ቤት ውስጥ መታወቂያሽን ጠይቀው ቁልፍ ይወረውሩልሻል። እሳቸው ግን በስልካቸው ፍኖተ ሰላም ያለችውን የባለቤቴን እህት ፈልገው አገናኙኝ። ከከባድ መኪናዎቹ ማደሪያ የራቀውን ክፍል ሰጡን፣ ለሜሮን ትኩስ ወተት አመጡላት። ወተቱን እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ነቀምቴ መንገድ አወሯት። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አልጠየቋትም። አዲስ አበባ ልጅ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ረቡዕ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። ጭኔ ላይ ሜሮን፣ እግሬ ስር የሰው ዶሮ፣ ጎኔ የበርበሬ ጆንያ። ሰው ሁሉ በየተራ ያስነጥሳል፣ ሰው ሁሉ በየተራ «ይማርሽ፣ ይማርህ» ይባባላል። የእኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ሰው ቢሞት እንኳ «ወራጅ አለ» ነው የሚባለው።

የደሳለኝ ታናሽ እህት ይታይሽ ፍኖተ ሰላም የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን አቀረበችልን፤ ለሜሮን ግን እንቁላል ጠበሰች። «የመንገደኛ ልጅ ጾም የላትም፣ ጾሙን እኔ ወስጄዋለሁ» አለች። እሷ ክፍል አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ማን እንዳነበበ ማን ከጎኑ ሰምቶ እንደደገመ መለየት እንደሚያቅታት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ከአስተማሪ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔም ደፈር አልኩና «የሜሮን ነገር እኮ በሰባት ወሯ ስለተወለደች ነው» አልኳት።

ይታይሽ ወደ ደጅ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱስ ይታወቃል፣ እትዬ። ሆድ ይፍጀው» አለችኝ፤ ክንዴንም መታ መታ አደረገችው። ምኑን ነው ሆድ የሚፈጀው ብዬ ገረመኝ። የአገሩ አነጋገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ጅጋ ደርሰን ከአስፋልቱ ወረድንና በእግር ተጓዝን። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው ያለችኝ ይታይሽ ናት፤ በእኔ እግር ሁለት ሆነ። በየደረስንበት ያገኘነው ሰው ሁሉ ቆሞ ከልጅ እስከ ከብት ደኅንነታችንን ይጠይቃል። ጫማዬ ተገነጠለ። አንድ ከገበያ የሚመለሱ ሰው ከመቀነታቸው ሲባጎ ፈትተው አሰሩልኝ፣ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሄዱ።

የደሳለኝ እናት እማማ ታንጉት ሜሮንን በር ላይ ተቀብለው ፊቷን እያገላበጡ ሳሟት። እኔንም ሳሙኝ። ይታይሽ ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ እኔ አፍሬ እግሬን ስሰበስብ «አፈር ስሆን፣ ዝርጊው» እያለች። የዳጉሳ እንጀራ በላን፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎልን ተኛን። እማማ ታንጉት ከመተኛታቸው በፊት «የትምህርት ቤቱን ነገር ጨርሻለሁ፣ ዕረፍቱ ሲያልቅ ትገባለች» አሉ፤ በሩንም ዘጉት። እኔ የመጣሁት እንዲህ ያለ ቃል ልሰማ መሆኑን ባውቅም፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ

«ከትምህርት ቤቱ በፊት ግን የኔታ ይዩዋት» አሉ እማማ ታንጉት፤ እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ሜሮን ፊደል ስለምታውቅ ነው። ቁጭ አድርጌ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ከሀ እስከ ፐ ትንፋሽ ሳትወስድ ትወርደዋለች። ይዩልኝ ብዬ ነው የሄድኩት።

የኔታ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስር ወይራ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ግንባራቸው የተቋጠረ ሰው ናቸው። ዙሪያቸውን ያለው ልጅ ሁሉ የየራሱን እየጮኸ ያነባል። ለአዲስ አበባ ጆሮ ጫጫታ ነው፣ እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ መሀል የአንዱን ልጅ ስህተት ለቅመው ያርማሉ። እማማ ታንጉትን ተከትለው ሁለት ሦስት የሰፈር ሴቶችም መጥተው ነበር። ሜሮን ቆመች፣ ጀመረች፣ ወረደችው። እማማ ታንጉት እልል አሉ። እኔ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

የኔታ አልሳቁም። «ደግ። እስቲ ይኼን» አሉና ሌላ ገበታ ፊቷ ዘረጉ። አቡጊዳ ነው። ያው ፊደል ነው፣ ግን ተራው ሁሉ ተበታትኗል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ይሄዳል። የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ፊደሉን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ዜማው አይደርስለትም። የኔታ በስንደዶ አንዱን ፊደል ነኩ። ሜሮን አላወቀችውም። ሌላውን ነኩ። የገመተችው አልሆነም። ሦስተኛው ላይ እኔን አየችኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ባየሁት በዚያው ፊት።

«ይህች ልጅ ድምፁን ይዛዋለች፣ መልኩን አልያዘችውም» አሉ የኔታ። ቁጣ አልነበረበትም። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት የፈጀበትን ነው በአንድ ትንፋሽ የነገሩኝ። ለስድስት ወር ያስጠናኋት ፊደል ዘፈን እንደነበር ያኔ ገባኝ። የሸወደችኝ ልጄ አይደለችም፤ ራሴን የሸወድኩት እኔው ነኝ።

እማማ ታንጉት ግን በሰው ፊት አፈሩ። «ስንፍና ነው፣ የኔታ። ልጅቷ ምን ጎድሏት። ሙሉ ልጅ ናት» አሉ።

«ሙሉ አይደለችም» አልኩ። ድምፄ ከልጆቹ ሁሉ በላይ ወጣ። «ሁለት ወር ቀርቷት ነው የመጣች። ሰነፍ አይደለችም። ሁለት ኪሎ ስኳር የማታክል ልጅ ነው የወለድኩት።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ይታይሽ ቀሚሴን ከኋላ ጎተተችኝ። እማማ ታንጉት ቀረብ አሉና፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኛ መቼ ጠይቀንሽ እናውቃለን? በየካቲት ተዳራችሁ፣ በመስከረም ወለድሽ። ያለ ነገር ነው። ሰባት ወር አልሽ፣ እኛም ለስምሽ ብለን ለጠየቀ ሁሉ ሰባት ወር አልን። አሁንም እንላለን። ግን ይኼን በልጅቷ ላይ አታላክኪው» አሉኝ።

ነገሩ እስኪገባኝ ቆምኩ። በዚህ አገር የበኩር ልጅ ከሠርግ በኋላ በሰባት ወር ብቅ ካለ፣ ጨዋ ሰው ሁሉ «የሰባት ወር ልጅ ናት» ይላል፣ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅም። ደግነት ነው። ስለዚህ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ግራሙ ስናገር፣ እነሱ የፈጠራ ችሎታዬንና ጨዋነቴን ያደንቁ ነበር። ልጄን ከዚያ መስታወት ውስጥ ነፍስ በነፍስ ያወጣሁበት ሰባት ሳምንት እዚህ አገር የቅድመ ሠርግ ጣጣዬ መሸፈኛ ሆኖ ኖሯል።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ከሠርጉ በፊት አርግዤ ቢሆን ኖሮ አልደብቅም ነበር። ልጅዎን ይጠይቁት፣ የእኔ አፍ መች ይዘጋል? እንደዚያ ቢሆን በሠርጉ ቀን ራሴ እነግርዎ ነበር።»

አንዲቷ ሴት ሳቋ አመለጣት። የኔታ ስንደዷቸውን ገበታው ላይ መታ አደረጉና «ወሩን ለፈጣሪ ተዉለት። ልጅቷ ነገ ጠዋት ትምጣ» አሉ። ጉባኤው በዚሁ ተበተነ።

ሲመሽ እማማ ታንጉት ውሃ አሙቀው ሜሮንን በርጩማ ላይ አስቀመጧትና አቧራ የጠጣ እግሯን ራሳቸው ያጥቡ ጀመር። አንዱን ተረከዝ ሲያሹ እጃቸው ቆመ። ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ሌላውንም አዩ።

«ይህ ነጠብጣብ ምንድን ነው?» አሉ።

«መርፌ ነው» አልኳቸው። «ክንዷ ላይ ደም ሥር አልተገኘላትም። ደም ሲፈልጉ ከተረከዟ ነበር የሚወስዱት።»

በአውራ ጣታቸው ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ዳሰሱት። ብዙ ነው። ውሃው ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ከደሳለኝ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። በሰባት ወሯ መጣች። በጥጥ ጠቅልዬ ጡቶቼ መሀል አሥራ አንድ ቀን አቆየኋት። ድመት የምታክል ነበረች። ያቺን ስላየሁ፣ የእውነት የሰባት ወር ልጅ እንደማትቆም አውቃለሁ ብዬ ነበር» አሉ። እግሯን በነጠላቸው አደረቁት። «አንቺን ያላመንኩሽ ያንቺዋ ስለኖረች ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም። አጠገባቸው ተቀምጬ ሌላውን እግር እኔ አጠብኩ።

ዓርብ

ማመናቸው ግን ነገሩን አባሰብኝ። ገና ቁርስ ሳንበላ «እንግዲያውማ ከእኔ ጋር ትሁን» አሉ እማማ ታንጉት። «እንዲህ ያለች ልጅ በከተማ ጥድፊያ ምን ትሆናለች? እዚህ ማን ያጣድፋታል?»

«እናቷ እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እናትነትሽን ማን ነካብሽ። ለልጅቷ ነው የምልሽ።»

እየተከራከርን የኔታ ዘንድ ደረስን። ሜሮን ከእሷ የሚያንሱ ልጆች መሀል ተቀመጠች። የኔታ ስንደዶውን በእጇ አስያዟት፤ ፊደሉን ራሷ እየነካች፣ በጣቷ መሬቱ ላይ እየጻፈች፣ አንድ በአንድ። አንዱን ፊደል አሥር ቦታ ላይ ፈልጋ እስክታገኘው ወደ ሁለተኛው አያልፉም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳቁነጠነጥ አዩኝ።

«የኔታ፣ ይህ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?» አልኩ።

«የሚፈጀውን።»

«ጓደኞቿ ግን ጥለዋት ሄደዋል።»

ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እዚህ ክፍል የለም። ንባብ ሲጀመር እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተጎትቶ ነው የሚነበበው። ግዕዝ ንባብ እንለዋለን። እኔም በዚያ አልፌያለሁ፣ አስተማሪዬም በዚያ አልፈዋል። እዚያ ላይ የቆየ ልጅ ቆየ ይባላል እንጂ ደደብ ነው አይባልም። አሁን ከላይዋ ላይ ዞር በዪላት፣ ጥላሽ ገበታውን ጋርዶታል።»

ዞር አልኩ። እኛ ትምህርት ቤት መውደቂያ የሚሉት ቦታ እዚህ የንባብ መጀመሪያ ነው፣ ስምም አለው። ሜሮን እስከ ምሳ ድረስ አምስት ፊደል የትም ቢቀመጡ የምትለያቸው ሆነች። አምስት ብቻ። ተአምር የጠበቃችሁ ካላችሁ ወራጅ በሉና እዚሁ ውረዱ።

እውነቱን ልናገር፣ ከሰዓት በኋላ ልቤ ከዳኝ። ከልጆቹ ጋር ስትሮጥ አየኋት፤ ትከሻዋ ዘና ብሏል፣ ጥፍሯን አትነክስም። ምናልባት እማማ ታንጉት ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ላንቺ ክብር ብለሽ ነው የምትጎትቻት የሚል ድምፅ በውስጤ ነበር። ጠርቼ ጠየቅኋት። «እዚህ መቅረት ትፈልጊያለሽ?»

አሰበች። እሷ ስታስብ ይቆያል፣ መጠበቅ ነው። «እዚህ ደስ ይላል። ስንደዶው ደስ ይላል» አለች። ከዚያ «አንቺም ትቀሪያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«እንግዲያው እኔም አልቀርም። ስንደዶው እኛ ጋም አለ?»

እማማ ታንጉት ከበስተኋላችን ቆመው ሰምተዋል። እኔ አንድም ቃል ሳልጨምር ነጠላቸውን አጣፉና «ነይ፣ ኔትወርኩ ጋ እንሂድ» አሉኝ። ኔትወርክ የሚባለው ከመንደሩ በላይ ያለ ጉብታ ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት ድንጋይ አለች፣ ስልክ የሚሠራው እሷ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ከፊታችን ሁለት ሰው ተራ ይዞ ነበር። ተራቸው ሲደርስ እማማ ታንጉት ድንጋዩ ላይ ወጥተው አዲስ አበባ ያለ ስልክ የሚሰሙት በጩኸት ይመስል፣ «ደሳለኝ፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትመለሳለች። ያን ወረቀት እንዳትፈርም። ሰማኸኝ? ልጅህ የሰባት ወር ናት፣ የእውነት የሰባት ወር» አሉት። የታች መንደር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየን። እሳቸውም ይህንኑ ፈልገው ይመስለኛል፣ አንድ ጊዜ ደገሙት።

ቅዳሜና እሁድ

ቅዳሜ ተሸክመን ወረድን። ቅቤ፣ በርበሬ፣ ዳቦ፣ አንድ ዶሮ፣ ከየኔታም አንድ እስር ስንደዶ። ጅጋ ገበያ መሀል ዶሮዋ አመለጠችን፤ ግማሹ ገበያ አባረራት፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ በቀሚሷ ይዛ መለሰችልን። እማማ ታንጉት ሜሮንን ሲሰናበቱ ምንም ምክር አልሰጧትም፣ ሁለቱን ተረከዞቿን ሳሟቸው። ለእኔ ደግሞ «ስትደክሚ ንገሪኝ፣ እኔ እመጣለሁ» አሉኝ። ያች ቃል ከቅቤው ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ፍኖተ ሰላም ይታይሽ ዘንድ አደርን። እሷም እያፈረች «ይቅርታ፣ እትዬ፣ ሆድ ይፍጀው ላልኩሽ» አለች። ሳቅን። አቡጊዳውን ለእሷ ክፍልም እንደምትሞክረው ነገረችኝ። እሁድ አዲስ አበባ ገባን። ደሳለኝ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ሜሮንን ትከሻው ላይ አወጣትና እኔን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

የዕረፍቱ ሁለተኛ ሳምንት ፎቶ ኮፒ ቤት አለፈ። አቡጊዳውን አባዛሁት፣ በመቀስ ቆራርጬ በተንኩት፤ ሜሮን ከጠረጴዛው ስር ተቀምጣ በስንደዶ ታድነዋለች። ደንበኛ ሲገባ ወለሉ ላይ ያለ ፊደል እንዳይረግጥ እጮህበታለሁ። አንዳንድ ቀን ከትናንት ያወቀችው ይጠፋባታል፣ ታለቅሳለች፣ እኔም ከማሽኑ ኋላ ሆኜ አለቅሳለሁ። ከዚያ እንቀጥላለን። እሁድ ማታ ከወለሉ ላይ የምትስታቸው ፊደላት ጥቂት ነበሩ።

ሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ትሑት ሰው ናቸው፤ ጠዋት ቢሯቸው ገብተን ፎርሙን ሳይፈረም ጠረጴዛቸው ላይ ሳኖርላቸው እንኳ አልተቆጡም።

«እናት፣ ለልጅቷ ብለን ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። ሁሉም ለልጅቷ ብሎ ነው። ታንብብልዎና ይወስኑ» አልኳቸው።

የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ገልጠው አንድ ገጽ አሳዩዋት። አየሁት። «እሱን በቃሏ ታውቀዋለች፣ እኔው ነኝ ያስሸመደድኳት። አይታው የማታውቀውን ይስጧት» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ ልጇን የሚጥል ነገር የምትለምን እናት አይተው አያውቁም መሰለኝ። ከመደርደሪያው የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አወጡና አጭር አንቀጽ መረጡ።

ሜሮን ስንደዶዋን ከቦርሳዋ አወጣች። የመጀመሪያውን ፊደል ነካች፣ ጎተተችው። ሁለተኛውን። ደጅ ደወል ተደወለ፣ ልጆች ጮኹ፣ ዝም ተባለ። አንዱን ቃል ሳተችው፣ ተመለሰች፣ ከመጀመሪያው ያዘችው። ርዕሰ መምህሩ ሊረዷት ቃሉን ጀመሩላት። ራሷን ነቀነቀች፣ አፋቸውን ዘጉ። የመጀመሪያውን መስመር ጨረሰች።

«በቃ፣ በቃ» አሉ እሳቸው፤ ድምፃቸው ለስልሷል። ፎርሙን አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «እዚያው ክፍሏ ትቀመጥ። ለአስተማሪዋ እኔ እነግራታለሁ። ሜሮን፣ ወደ ክፍልሽ መሄድ ትችያለሽ።»

እኔ ተነሳሁ፣ ቦርሳዋን አነሳሁ፣ እሳቸውም እጃቸውን ሊዘረጉልኝ ተነሱ። ሜሮን አልተነሳችም። ስንደዶዋ ሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ነው።

«ገና አልጨረስኩም» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ።